ያልተሰረዘች ብጣሽ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ኪርያት ጋት ጭር ብሏል፤
ስልኬ ትራሴ ሥር ተንቀጥቅጦ ጮኋል፦
አራት ሺህ መልእክት ወረፋ ላይ ቆሟል።
የደም ምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒት ትእዛዝ፣
ሁሉም ተሰልፎ ባለበት ሲፈዝ።

ኤልዳድን ላለመቀስቀስ ወጥ ቤት ገባሁ፣
ላፕቶፔን ከዳቦ ፍርፋሪ መሃል ዘረጋሁ።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሊዮኒድ ነው ያስረዳኝ፣
ከሐርኪቭ የመጣው፣ ዕብራይስጡ እንደኔው የሚያነክሰው፦
"አዛዡ የሠራተኛውን በር አያንኳኳም፤
ፊቱን አያውቀውም፣ ይንቃ ይተኛ አይጠይቅም።
ትእዛዙን ወረፋው ላይ አኑሮ ይሄዳል፤
ያኛው በነቃ ጊዜ በተራው ያነሳል።
ግን ልብ በይ፤ ስለተነሳ ብቻ መልእክት አይጠፋም፤
'ጨረስኩ' እስኪባል ድረስ ወረፋው አይረሳም።
ሠራተኛው መሃል ላይ ቢወድቅ ድንገት፣
ሥራው ይመለሳል ወደነበረበት፤
ሌላ እጅ ያነሳዋል።"
ሳቅሁ ከአንጀቴ፤
ይህን ጥበብማ መች አጣሁት ቤቴ!

አባቴ አያናው ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሌሊት ነው ፈረቃው፤
እኔ ስወጣ ነው የሚገባው፣ ስገባ ነው የሚወጣው።
ማቀዝቀዣው አናት ላይ አንድ የሐላዋ ጣሳ፤
የቤታችን ጉዳይ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳ።
በአውቶቡስ ደረሰኝ ጀርባ፣ ጫፉ በተነከሰ እርሳስ፦
"ጋዙ አልቋል።"
"የኤልዳድ መምህርት ትፈልግሻለች።"
"ይሄ የቢቱዋህ ሌኡሚ ደብዳቤ ምን ይላል? ቁጣ ይመስላል።"
"የግፊቴ ኪኒን ሦስት ቀርታለች።"
የፈጸመ ሰው ብጣሿ ላይ መስመር ይስባል።
ያልተሰመረባት ትጠብቃለች።
ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር እንዲህ ኖርን፤
ሳንተያይ ተግባባን፣
ሳንነጋገር ቤት አቆምን።
እኔም ኮራሁበት እንጂ አላዘንኩበትም።

ወደ ወረፋው ልመለስ። መዝገቡን ሳገላብጥ
አንዲት መልእክት አየሁ ከሰልፉ ራስ ላይ፤
ቀኗ የተዛባ፣ ሠላሳ ሁለት ብሎ የጻፈባት።
አንዱ ሠራተኛ ያነሳታል፣ ይሞክራታል፣ ይወድቃል፤
ትመለሳለች ወደ ቦታዋ።
ሌላው ያነሳታል፣ ይወድቃል፤
ትመለሳለች።
በሙያው "መርዘኛ" ይሏታል፤
መርዟ ግን ሌላ አይደለም፣
ሁሉም ያነሳታል፣ ማንም አይጨርሳትም።
አውጥቼ ለብቻዋ አስቀመጥኳት፣
መድረሻ ያጡ መልእክቶች በሚከማቹበት ጓዳ።
ሰልፉ እፎይ አለ፤ ሺህ፣ መቶ፣ ሰባት፣
ከዚያ ባዶ።
ሊነጋ ጥቂት ቀርቶታል።

መስመር ያልሳብኩበት ነገር ቢኖር ብዬ
ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።
ከሥሩ ተጣብቃ አንዲት ብጣሽ ቀረች፤
በጥፍሬ ፈልቅቄ አነሳኋት።
ደረሰኙ የዳስ በዓል ሰሞን ነው፦
"ሰንበት ሲወጣ ቁጭ ብለን እናውራ። የምነግርሽ አለኝ።"

አስታወስኳት።
አንስቻት ነበር፤ ሁለቴ፣ ምናልባት ሦስቴ።
አንስቼ፣ አንብቤ፣ "ዛሬስ አይመችም" ብዬ
ወደ ጣሳው መልሻት ነበር።
ከዚያ በላይዋ ጋዝ መጣ፣ ኪኒን መጣ፣ ፋሲካ መጣ።
አባቴ ደግሞ አልጻፈም፤
ወረፋ የሚያከብር ሰው ነው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቁልፉ ዞረ።
ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ብብቱ ሥር ሁለት ትኩስ ዳቦ።
"ምነው፣ በደኅና ነው? ምን ቀሰቀሰሽ?"
"ወረፋ ቆሞብኝ።"
"ማን አቆመው?"

ብጣሿን ገፋ አደረግኋት ወደሱ።
መነጽሩን ፈለገ፤ ኪሱ ውስጥ አልነበረም።
ሳያነባት አወቃት።
ወንበር ሳበ።

እርሳሱ አጠገቤ ነበር።
አላነሳሁትም።